በአሸዋማ መሬት ላይ ክረምቱን የሚችል የደጅ ሊሾ አሠራር

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ ግቢዬ የመጀመሪያውን የደጅ ሊሾ ሳሠራ ኮንክሪቱ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው፣ ፌሮም በሁለት አቅጣጫ እንዲታሰርበት አድርጌ ስለ ነበር ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ግን ከቤቱ የራቀውን ጥግ በተረከዜ ብመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ተንበርክኬ ከዳሩ ሥር አንድ የባሕር ዛፍ ዘንግ ብሰድድ ክንድ ያህል ምንም ሳይነካው ገባ። ኮንክሪቱ ደኅና ነበር፤ የጠፋው ተሸካሚው አሸዋ ነው። ከጣራው የሚወርደው ውሃ በሊሾው ላይ ተንሸራቶ ዳር ሲደርስ ይወድቃል፣ በወደቀበት ቦታ ይቆፍራል፣ ከዚያም ወደ ኋላ እየበላ በሊሾው ሥር ይገባል። ጥጉ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከከረመ በኋላ አንድ እሑድ ሦስት እንግዶች ወንበራቸውን ወስደው ሲቀመጡበት ከነፌሮው ተገምሶ ወረደ። ቡናው ፈሰሰ እንጂ ሰው አልተጎዳም።

ከዚያ ወዲህ በራሴም በዘመድ ግቢም ካሠራኋቸው ሊሾዎች የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ አፈሩ አሸዋማ፣ ዝናቡም ኃይለኛ በሆነበት አካባቢ ሊሾ የሚበላሸው ከላይ ሳይሆን ከሥር፣ ከመሃል ሳይሆን ከዳር መሆኑን ነው። ገንዘብና ድካም መዋል ያለባቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ለውሃው መንገድ፣ ቀጥሎ ለዳሩና ለመሠረቱ፣ በመጨረሻ ለኮንክሪቱ። ብዙ ሰው ግን ይህን ገልብጦ ይሠራል።

አፈሩን ማወቅ

ወሎ አንድ ዓይነት አፈር የለውም። በቆቦ ሜዳ፣ በአላውሃና በጎሊና ወንዞች ዳርቻ፣ እንዲሁም ቦርከናን ተከትሎ ወደ ከሚሴ በሚወርደው ረባዳ መሬት ላይ ጎርፍ ለዘመናት ያመጣው አሸዋና ደለል በብዛት ይገኛል። ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ባሉት ተዳፋት ሠፈሮች ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ ድንጋያማው ቦታ ከጭቃማው ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ ጎረቤት ላይ የሠራ ዘዴ እዚህ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ሲሚንቶ ከመግዛት በፊት ሊሾው በሚያርፍበት ቦታ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አንድ ጉድጓድ መቆፈርና ከሥሩ የወጣውን አፈር በእጅ መፈተሽ ያስፈልጋል። እፍኝ አፈር በውሃ አርሶ በመዳፍ መሃል ሲያንከባልሉት እንደ እርሳስ ቀጥኖ ሳይቆረጥ የሚጠቀለል ከሆነ ሸክላነት አለው። ገና ሲነካ የሚፈርስና በጣቶች መካከል የሚኮሰኩስ ከሆነ አሸዋማ ነው።

በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያብጥ ጥቁር ዋልካ ከተገኘ ከዚህ በታች የተጻፈው ብቻውን አይበቃም። ዋልካ በቂ ጥልቀት ድረስ ተነቅሎ በማያብጥ አፈር ካልተተካ በስተቀር ከላዩ የሚፈሰው ኮንክሪት ምንም ያህል ቢወፍር ያነሣዋል።

አሸዋን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚፈራውን ያህል መጥፎ መሬት አይደለም። ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ አያብጥም፣ በደንብ ከተጠቀጠቀና ጎኑ ከታጠረ ትልቅ ሸክም ይችላል። ደካማነቱ እርስ በርሱ የሚያያዝበት ነገር ስለሌለው የሚንቀሳቀስ ውሃ ባገኘ ቁጥር አብሮ መሄዱ ነው። የሥራው ሁሉ ምሥጢር አሸዋውን አጥሮ ማስቀመጥና የሚሮጥ ውሃ እንዳያገኘው ማድረግ ነው ማለት ይቻላል።

የውሃው መንገድ

ቆርቆሮ ጣራ ምን ያህል ውሃ እንደሚያወርድ ብዙዎቻችን አንገምትም። 60 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1,800 ሊትር ውሃ ይወርዳል፤ ይህም 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ዘጠኝ ጊዜ መሙላት ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ እንዲህ ያለ ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ውስጥ ሊወርድ ይችላል። ይህ ሁሉ ከክፈፉ በቀጥታ ሊሾው ላይ የሚወድቅ ከሆነ ከታች የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ግማሹ ከንቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ አሸንዳ መሆን አለበት። አሸንዳውም ውሃውን ሊሾው ጥግ ላይ አውርዶ የሚተው ሳይሆን በቧንቧ እስከ ቦይ ድረስ የሚያደርስ ይሁን።

ግቢው ተዳፋት ከሆነ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ሊሾውን ከመንካቱ በፊት መቆረጥ ይኖርበታል። በላይኛው በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ መገንባት ለአንድ መኖሪያ ግቢ በአብዛኛው ይበቃል። ቦዩ በሚያልቅበት ቦታ ላይ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ጠፍጣፋ ድንጋይ መደርደር መዘንጋት የለበትም፤ አለዚያ ውሃው ከቦዩ አፍ ላይ ወድቆ ጉድጓድ ይከፍትና ቦዩን ራሱን ከጫፉ ጀምሮ ይበላዋል።

ውሃው ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ እንደየቦታው ይለያያል። በቆላማውና አሸዋማው ሜዳ ላይ ከቤቱ ቢያንስ ሦስት ሜትር ርቆ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከሜትር በላይ የሆነ ጉድጓድ ቆፍሮ በድንጋይ መሙላትና ውሃውን ወደዚያ ማስረግ ጥሩ መፍትሔ ነው። ደሴን በመሰለ ተዳፋት ላይ ግን ይህን ፈጽሞ አልመክርም፤ ወደ ተዳፋት ውስጥ የሚሰርግ ውሃ የመሬት መንሸራተትን ያባብሳልና እዚያ ውሃው በተሠራ ቦይ እስከ መንገዱ ተፋሰስ ድረስ መሄድ አለበት። በሁለቱም ቦታ ግን የጎረቤት በር ላይ መልቀቅ አይገባም። ሽማግሌ ያስቀመጡ የውሃ ጠቦች በሠፈራችን ጥቂት አይደሉም።

መቼ ይሠራ

በወሎ በልጉ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ሲመላለስ፣ ዋናው ክረምት ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና ኮንክሪቱ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ከተሞላ በኋላ ማታ ማታ በላስቲክና በላዩ ላይ በገለባ መሸፈን ይጠቅመዋል። ቆቦ ላይ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ሳይጠነክር ስለሚወስዱበት ሥራውን ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ረፋድ ላይ መጨረስ ይሻላል።

ልኬትና ቁፋሮ

ለምሳሌ እንዲሆነን ከቤቱ ግድግዳ ጋር 5 ሜትር የሚጎራበት፣ ወደ ደጅ 4 ሜትር የሚወጣ፣ በጠቅላላው 20 ካሬ ሜትር የሆነ ሊሾ እንውሰድ። አራት ችካል ተተክሎ ሲባጎ ይወጠራል፣ ጥጎቹም በ3፣ 4 እና 5 ሜትር ልክ ይረጋገጣሉ። የሊሾው ወለል ከቤቱ ወለል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ ደግሞ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ ስላለበት በእኛ ምሳሌ የውጭው ዳር ከግድግዳው ሥር በ8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ይህ ተዳፋት ለዓይን አይታወቅም፣ ረከቦቱንም አያንሸራትትም፤ ውሃውን ግን አያሳድርም። ግንበኛው «ውሃ ልኩ መሃል ላይ ካልቆመ ሥራው ጠማማ ይባልብኛል» ብሎ ደልዳላ ሊያደርገው ከሞከረ አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ ደልዳላ የደጅ ሊሾ ኩሬ ነው።

ሊሾው በዙሪያው ካለው መሬት 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ጭቃ አይወጣበትም። ኮንክሪቱ 10፣ ከሥሩ ያለው መሠረት 15 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ከመሬቱ ገጽ 20 ሳንቲ ሜትር መቆፈር ይበቃል ማለት ነው። ሥር፣ ቅጠልና የቤት ጥራጊ ያለበት የላይኛው አፈር ሙሉ በሙሉ መነሣት አለበት። ፍልፈል የቆፈረው ዋሻ ከተገኘ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እንደገና መጠቅጠቅ ይኖርበታል እንጂ አፉን ብቻ ደፍኖ ማለፍ አያዋጣም።

መሠረቱ

በቁፋሮው ወለል ላይ የሚቀረው አሸዋ የሚጠቀጠቀው እርጥብ ሆኖ ነው። ደረቅ አሸዋ ከመጠቅጠቂያው ሥር እየሸሸ ዝም ብሎ ይፈናቀላል፤ በጣም የራሰ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ልኩ በእጅ ሲጨመቅ ውሃ ሳያንጠባጥብ ቅርጹን የሚይዝበት እርጥበት ነው። ለአሸዋ ከእጅ መጠቅጠቂያ ይልቅ የሚንቀጠቀጥ የሞተር ኮምፓክተር እጅግ የተሻለ ስለሆነ ለአንድ ቀን ተከራይቶ ማምጣት ያዋጣል። ሥራው መድረሱን የምፈትነው በቀላል ዘዴ ነው፤ ባለ 12 ፌሮ ቁራጭ ይዤ በሙሉ ክብደቴ ወደ ታች እጫነዋለሁ፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለ ችግር ከገባልኝ ያ ቦታ እንደገና ይደበደባል።

እዚህ ላይ ከአገሩ ልማድ ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። በብዙ ቦታ 20 እና 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልልቅ ድንጋይ በቀጥታ በአፈሩ ላይ ይነጠፍና ኮንክሪቱ ከላዩ ይፈስሳል። ጠንካራ መሬት ላይ ይህ ያስኬዳል። አሸዋ ላይ ግን በድንጋዮቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ወጥመድ ነው፤ ውሃ በገባ ቁጥር አሸዋው ወደዚያ ባዶ ቦታ እየተንሸራተተ ይገባና ድንጋዩ ይሰምጣል፣ ከላይ ያለው ኮንክሪትም ድጋፉን ያጣል። ስለዚህ በድንጋዩ ፋንታ ከትልቅ ጠጠር እስከ ደቃቅ ዱቄት ድረስ የተቀላቀለበትን፣ ነጋዴዎቹ ሰሌክት የሚሉትን ቁሳቁስ መጠቀም ይሻላል። በሁለት ዙር፣ እያንዳንዱ ሰባት ተኩል ሳንቲ ሜትር ሆኖ እንዲቀር፣ እየረጠበ ይጠቀጠቃል። ለ20 ካሬ ሜትር የተጠቀጠቀው 3 ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 4 ሜትር ኩብ ገደማ ማስመጣት ያስፈልጋል። ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ከተገኘ በአሸዋውና በሰሌክቱ መካከል ማንጠፍ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ያደርጋል፤ ካልተገኘ ሥራው አይቆምም። ድንጋይ ብቻ ያለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ትንንሽ ድንጋይ መርጦ፣ ክፍተቱን በጠጠርና በደቃቅ ድንጋይ እስኪጠግብ ሞልቶ መደብደብ ይችላል።

ዳሩ

የኔ የመጀመሪያው ሊሾ ያልነበረው ይህ ነው። ግድግዳውን በማይነካው በሦስቱም ጎን፣ ማለትም በ13 ሜትር ርዝመት ላይ፣ የኮንክሪቱ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ከወለሉ ወደ ታች እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ እንዲወፍር ቦይ መሰል ቁፋሮ ይደረጋል። ኮንክሪቱ ሲሞላ ወለሉና ዳሩ አንድ አካል ሆነው ስለሚጠነክሩ በመካከላቸው ያለው አሸዋና ሰሌክት በሣጥን ውስጥ እንደ ተቀመጠ ያህል ይታጠራል። ውሃው በሚወርድበት በታችኛው ጎን ግን 30 ሳንቲ ሜትር አይበቃም፤ እዚያ አስቀድሞ በድንጋይና በሲሚንቶ ሌላ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ገንብቶ ዳሩን ከዚያ ላይ ማሳረፍ ውሃው ቢቆፍር እንኳ ከሥር ሾልኮ እንዳይገባ ያግደዋል። ከዳሩ ውጭ ደግሞ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር ወይም በደንብ የያዘ ሰርዶ የሚወድቀውን ውሃ ጉልበት ይሰብረዋል። ሰርዶ ለአርሶ አደር ጠላት ቢሆንም ለሊሾ ዳር ወዳጅ ነው።

ፌሮ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው፣ መኪናም ሆነ ባጃጅ ለማይገባበትና በቅርቡ ባልተሞላ መሬት ላይ ለሚሠራ ሊሾ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ከታች እንደምገልጸው በየ2 ሜትር ተኩሉ ከተከፋፈለ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ያለ ፌሮ ይቆማል፤ ለፌሮ የታሰበው ገንዘብ ለአሸንዳና ለዳሩ ቢውል ብዙ ይጠቅማል። ተሽከርካሪ የሚገባበት ከሆነ ግን ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ባለ 8 ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በሁለት አቅጣጫ ይታሰራል። ፌሮው ከሲሚንቶና አሸዋ በተሠሩ ትንንሽ ኩቦች ላይ ተቀምጦ ወደ ላይኛው ሲሶ መጠጋት አለበት። መሬት ላይ ተዘርግቶ ኮንክሪት ከላዩ የሚፈስስበት ፌሮ፣ «ሲሞላ ወደ ላይ እንስበዋለን» ቢባልም፣ እዚያው ሥር ቀርቶ ከመዛግ በቀር ጥቅም የለውም።

ቁሳቁሱና ቡኬቱ

ለደጅ ሥራ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር የሚባለው ልክ ተገቢ ነው። ለምሳሌያችን ወለሉ 2 ሜትር ኩብ፣ የዳሩ ውፍረት ደግሞ ግማሽ ሜትር ኩብ ስለሚወስድ ከብክነቱ ጋር 2.7 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ያስፈልጋል። ይህም 20 ከረጢት፣ ማለትም 10 ኩንታል ሲሚንቶ፣ አንድ ሜትር ኩብ ተኩል ያህል አሸዋና ከ2 ሜትር ኩብ ትንሽ የሚበልጥ ባለ 02 ጠጠር (2 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን) ይጠይቃል። ፒፒሲ የሚባለው፣ ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ለእንዲህ ያለው ሥራ በቂ ነው፤ ከኦፒሲ፣ ማለትም ከተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ግን ውሃ የሚጠጣበትን ጊዜ ማስረዘም ያስፈልጋል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጓል በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ከሆነ ግድ የለም፣ ካልፈረሰ ግን እርጥበት አግኝቶታልና መመለስ ነው።

ግቢው በአሸዋ የተሞላ ሰው «ለምን አሸዋ እገዛለሁ» ማለቱ አይቀርም። ግቢ ውስጥ ያለው አሸዋ ብዙውን ጊዜ አፈርና ደለል የተቀላቀለበት ነው፤ ከወንዝ የሚመጣውም ቢሆን መፈተን ይኖርበታል። አንድ የውሃ ሃይላንድ እስከ ግማሹ አሸዋ ሞልቶ፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምሮ፣ በኃይል ነቅንቆ ለሦስት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ከሥር ይዘቅጥና ከላዩ ደቃቅ ጭቃ በግልጽ ተለይቶ ይቀመጣል፤ የጭቃው ውፍረት ከአሸዋው ከ6 በመቶ የሚበልጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ አሸዋው 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጭቃው ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ አሸዋው ወይ ይታጠባል ወይ ይቀየራል። ቢያጆው (የመኪናው ጭነት) ከመገልበጡ በፊት ከላይ ሳይሆን ከመሃል እፍኝ ወስዶ መፈተን ጭቅጭቅን ያስቀራል።

መስፈሪያው አካፋ ሳይሆን ሣጥን ይሁን። 50 በ40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 18 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሣጥን 36 ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይዘት ጋር ይቀራረባል። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሣጥን አሸዋና ሦስት ሣጥን ጠጠር ነው። ይሁን እንጂ እርጥበት ያለው አሸዋ ያብጣል፤ በመጠኑ የረጠበ አሸዋ ከደረቁ በሩብ ያህል ሊሰፋ ስለሚችል ሁለት ሣጥን የመሰለው በእውነቱ ከዚያ ያነሰ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ሣጥን ተኩል ድረስ ማድረግ ልኩን ይመልሰዋል።

ውሃው ላይ ደግሞ ከሁሉም በላይ መጨከን ያስፈልጋል። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጠቅላላው ውሃ 25 ሊትር ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ግን በውስጡ አምስት ሊትር ያህል ይዟልና የሚጨመረው አንዲት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ከዚህ በላይ መጨመር ይወዳሉ፣ ምክንያቱም የቀጠነ ኮንክሪት ለመግፋት ይቀላል። እኔ ሁልጊዜ ሚክሰሩ አጠገብ ቆሜ ጀሪካኑን ራሴ አቀብላለሁ። ልኩን የያዘ ቡኬት፣ ማለትም የተቦካ ኮንክሪት፣ በአካፋ ተጎርዶ ሲቀመጥ ቀስ ብሎ ይተኛል እንጂ እንደ አጥሚት አይፈስስም።

ማፍሰስና መከፋፈል

ኮንክሪት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተርም መሰንጠቁ አይቀርም፤ እኛ የምንችለው የት እንደሚሰነጠቅ መወሰን ብቻ ነው። 4 በ5 ሜትር የሆነውን ሊሾ 2 በ2.5 ሜትር በሆኑ አራት ክፍሎች መክፈል ያስፈልጋል። እንደ ዳማ ሰሌዳ በዲያጎናል የሚገናኙትን ሁለት ክፍሎች በአንድ ቀን ሞልቶ፣ ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ የቀሩትን ሁለቱን መሙላት ትልቅ ማሽን ለሌለው ሰው የተመቸ ነው። በአንድ ቀን የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ኮንክሪቱ ገና ሳይጠነክር የውፍረቱን ሩብ ያህል፣ ማለትም 2.5 ሳንቲ ሜትር የሚገባ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ይቻላል። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ማስገባት ግዴታ ነው፤ ሊሾውና ቤቱ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ከተያያዙ አንዱ ሌላውን ይቀደዋል።

የዳር ጣውላዎቹ ተዳፋቱን ጠብቀው ከታሰሩና በተቃጠለ ዘይት ከተቀቡ በኋላ ሰሌክቱ በውሃ ይረጫል፣ ነገር ግን ውሃ መቋጠር የለበትም። ደረቅ መሠረት የኮንክሪቱን ውሃ ይመጠዋል። ቡኬቱ ከሩቁ ጥግ ተጀምሮ ይፈስሳል፣ ዳሩ ላይ በፌሮ ቁራጭ በደንብ ይወጋል፣ ከዚያ በእስታጃ (ቀጥ ባለ ረጅም ማስተካከያ) ይሳባል። ከተቦካ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየውንና መጠንከር የጀመረውን ውሃ ጨምሮ እንደገና ማቡካት ኮንክሪቱን ይገድለዋል።

ከተሳበ በኋላ ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ያብረቀርቃል። ይህ ውሃ ሳይጠፋ ማለስለስ አይጀመርም። በዚህ ሰዓት «ቶሎ እንዲጨርስ» ተብሎ ደረቅ ሲሚንቶ ከላይ የሚነሰንስ ግንበኛ በየከተማው አለ፤ ሊሾው ለጊዜው እንደ መስተዋት ያምራል፣ በዓመቱ ግን ቅርፊቱ እየተነሣ ይራገፋል። ትዕግሥት ይሻላል። ብርሃኑ ጠፍቶ እግር ሲጫነው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚገባበት ጊዜ ሲደርስ በእንጨት ማለስለሻ ይታሻል፣ በመጨረሻም ዘንባባ መጥረጊያ በተዳፋቱ አቅጣጫ በቀስታ ይሳብበታል። መጥረጊያው የሚተወው ስስ መስመር በክረምት እርጥብ እግር እንዳያንሸራትት ያደርጋል፤ ለደጅ የሚያብረቀርቅ ሊሾ መሥራት አረጋውያንን ለስብራት መጋበዝ ነው።

ሳይታሰብ ዝናብ ቢመጣ ዝግጅቱ አስቀድሞ መሆን አለበት። ሙሉ ሊሾውን የሚሸፍን ላስቲክና ላስቲኩ ኮንክሪቱን ሳይነካ የሚያርፍባቸው ጥቂት ጣውላዎች አጠገብ ይቀመጡ። ዝናቡ ከደረሰ የተጠራቀመውን ውሃ በእስታጃ ከዳር አስወጥቶ፣ ገጹ እንደገና እስኪመጥ ጠብቆ ማለስለስ ነው እንጂ ውሃውን ከገጹ ጋር ማሸት አይገባም።

ውሃ ማጠጣትና የመጀመሪያው ክረምት

ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን እርጥብ ሆኖ በመቆየቱ ነው። በማግሥቱ እርጥብ ጆንያ ወይም ላስቲክ ይለብሳል፣ ወይም በዳሩ በአፈር ትንሽ ግድብ ተሠርቶ ውሃ ይተኛበታል። በኦፒሲ ከተሠራ ሰባት ቀን፣ በፒፒሲ ከሆነ አሥርና ከዚያ በላይ ቀን ሳይደርቅ መቆየት አለበት። ጠዋት አጠጥቶ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ በተለይ በቆላው፣ ካለማጠጣት ብዙም አይሻልም። ከአንድ ቀን በኋላ በጥንቃቄ ይረገጣል፤ ከባድ ዕቃ ከሳምንት በፊት አይቀመጥበትም፣ ተሽከርካሪ የሚገባበትም አንድ ወር ገደማ ቢጠበቅ መልካም ነው። ጣውላው ሲወጣ ከዳሩ ውጭ የሚቀረው ክፍተት ወዲያውኑ ተሞልቶ መደብደብ አለበት፤ ክፍተቱ ከተተወ የመጀመሪያው ዝናብ የሚገባበት በር እርሱ ነው።

የከሰል ምድጃን በተመለከተ ትንሽ ልጨምር። እርጥበት ያዘለ ኮንክሪት ድንገት ሲግል ገጹ እየፈነዳ ይነሣል፣ የኔም ሁለተኛው ሊሾ መሃሉ ላይ የሳህን ያህል ጠባሳ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ቡና የሚፈላበት ቦታ ከታወቀ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እዚያ ማስቀመጥ በቂ ነው።

በክፍሎቹ መካከል ያሉት መስመሮች ክረምት ከመግባቱ በፊት ከደቃቅ አሸዋ ጋር በተቀላቀለ ትኩስ ሬንጅ ይደፈናሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከየትልቁ ዝናብ ማግሥት ዘንግ ይዞ በዳሩ ዙሪያ መዞር ነው። ዘንጉ በቀላሉ ከገባ ቦታው በሲሚንቶና በአሸዋ ቅልቅል ተጠቅጥቆ ይሞላል፣ ውሃው በዚያ በኩል ለምን እንደ መጣም ይፈለጋል፤ እኔ እስካሁን ካገኘኋቸው ብዙዎቹ የተፈጠሩት አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው በጎኑ ሲፈስስ ነው።